የእንግሊዝኛ ፊደላት አጠራር ከሀገር ሀገር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በስልክ ስማቸውን «ስፔል» ማድረግ ለሚቸግራቸው፣ ለፈተና ለሚዘጋጁና ነገሩ ለሚገርማቸው ሁሉ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፊደሉ አንድ ሆኖ ስሙ እንዴት ይለያያል?

26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት የትም ሀገር ያው ናቸው። መልካቸውም ተራቸውም አይለወጥም። ልዩነቱ የሚመጣው ስማቸው ሲጠራ ነው። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የስም ልዩነት ነው። የመጨረሻዋ ፊደል ለንደን ላይ «ዜድ»፣ ኒውዮርክ ላይ «ዚ» ትባላለች። አንዲት ፊደል፣ ሁለት ስም።

ሁለተኛው የአክሰንት ልዩነት ነው። እዚህ ላይ ስሙ አንድ ነው። ግን አውስትራሊያዊ ሲጠራውና ስኮትላንዳዊ ሲጠራው ለጆሯችን ሁለት የተለያየ ፊደል ይመስላል። ሰው ብዙ የሚከራከረው በመጀመሪያው ነው። በኑሮ ላይ ጣጣ የሚያመጣው ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ትክክለኛው «ዜድ» ነው «ዚ»?

ሁለቱም ትክክል ናቸው። «ዚ» በዋናነት የአሜሪካ ነው። እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ህንድ፣ ናይጄሪያና ኬንያ «ዜድ» ይላሉ። በሀገር ብዛት «ዜድ» ይበልጣል። በፊልም፣ በሙዚቃና በኢንተርኔት ግን «ዚ» ጎልቶ ይሰማል።

በዕድሜ ከሄድን «ዜድ» ታላቅ ነው። ከግሪኩ «ዜታ» ተነስቶ በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እንግሊዝ ገባ። ግሪኮቹ ደግሞ ፊደሉን ያገኙት ከፊንቄያውያን ነው። የእኛ «ዘ»ም የዚያው የሴም ፊደላት ቤተሰብ ናት። በአበገደ ቁጠሩ፦ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ፣ ሀ፣ ወ፣ ዘ። ሰባተኛ ናት። በፊንቄም ሰባተኛ ነበረች።

ታዲያ በእንግሊዝኛ እንዴት መጨረሻ ሄደች? ሮማውያን አታስፈልገንም ብለው አወጧት። ቦታዋን ለ«ጂ» ሰጡት። «ጂ» ዛሬም ሰባተኛ ናት። ኋላ ላይ የግሪክ ቃላት ለመጻፍ ሲፈልጓት መለሷት። ቦታዋ ተይዞ ስለነበር ግን ከሰልፉ ጭራ ቆመች። ከአበገደ ጋር ያላትን ዝምድና መጀመሪያ ያየሁ ቀን እንግሊዝኛ ራሱ ትንሽ የቀረበኝ መሰለኝ።

አሜሪካኖች «ዚ»ን ከየት አመጡት?

እነሱ አልፈጠሩትም። ከእንግሊዝ ነው የሄደው። ድሮ እንግሊዝ ውስጥ ይህች ፊደል «ዜድ»ም፣ «ዚ»ም፣ «ኢዛርድ»ም ትባል ነበር። ቶማስ ላይ የሚባል እንግሊዛዊ በ1677 ባሳተመው የፊደል ማስተማሪያ ውስጥ «ዚ» ተጽፎ ይገኛል። አመጣጡም ግልጽ ነው። «ቢ»፣ «ሲ»፣ «ዲ» እያሉ ሲወርዱ «ዚ» ማለት ለአፍ ይቀላል።

እንግሊዞቹ «ዜድ»ን አጸኑ። አሜሪካ ውስጥ ግን ነገሩ ወደ «ዚ» አጋደለ። የአሜሪካን እንግሊዝኛ ከእናቱ ለይቶ ለማቆም የደከመው ኖዋ ዌብስተር በ1828 መዝገበ ቃላቱ «ዚ» ተብላ እንደምትጠራ ጻፈ። በ1835 ደግሞ ቻርልስ ብራድሊ የሚባል የቦስተን ሙዚቃ አሳታሚ ልጆች እስከ ዛሬ የሚዘምሩትን የ«ኤ ቢ ሲ ዲ» መዝሙር በስሙ አስመዘገበ። የመዝሙሩ ቤት የሚመታው በ«ኢ» ነው። መጨረሻው በ«ሚ» ያልቃል። «ዚ» ካላችሁ ቤት ይመታል፣ «ዜድ» ካላችሁ ይሰበራል። ልጅ በዜማ የያዘውን ነገር ከአፉ ማስለቀቅ ከባድ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለቱም የሚሰማው ለምንድን ነው?

መምህሮቻችን ከሁለቱም ወገን ስለነበሩ ነው። ጄኔራል ዊንጌትን በመሰሉ ትምህርት ቤቶች እንግሊዛውያን አስተምረዋል። በየክፍለ ሀገሩ ደግሞ ብዙ ህንዳውያን መምህራን ነበሩ። እነዚህ «ዜድ» የሚሉ ናቸው። በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች መጡና በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተሰማሩ። እነሱ «ዚ» አሉ።

የሁለቱም አሻራ አለ። ሂሳብ ክፍል ውስጥ «ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ» እንላለን። ያው ሰው ከክፍል ወጥቶ ስለ ወጣቱ ትውልድ ሲያወራ «ጄን ዚ» ይላል። ስህተት የለበትም። ሁለቱም ቃላት ከየመጡበት ሀገር ስማቸውን ይዘው ነው የመጡት።

እንግሊዞች «ጄይ-ዚ»ን «ጄይ-ዜድ» ይሉታል?

አይሉትም። የሰው ስም ባለቤቱ እንደሚጠራው ነው የሚጠራው። የዕቃ ስም ግን ይለወጣል። «ቢኤምደብሊው ዚ ፎር» የምትባለው መኪና ለንደን ላይ «ዜድ ፎር» ናት። በ«ዚ» ላይ የተሠራ የቃላት ጨዋታም ባሕር ሲሻገር ይሞታል። አሜሪካኖች «ኢ» እና «ዚ»ን ብቻ ጽፈው «ኢዚ» ያስነብባሉ፣ ማለትም ቀላል። እንግሊዙ ያንኑ ሲያነበው «ኢ-ዜድ» ይሆንበታል። ትርጉም የለውም።

ካናዳ አሜሪካ አጠገብ ሆና እንዴት «ዜድ» ትላለች?

ካናዳውያን «ዜድ»ን እንደ መለያቸው ያዩታል። ልጆቹ ግን የአሜሪካ ቴሌቪዥን እያዩ ስለሚያድጉ መጀመሪያ የሚለምዱት ብዙ ጊዜ «ዚ»ን ነው። በ1979 ቶሮንቶ ውስጥ የ12 ዓመት ልጆች ተጠይቀው ከሦስቱ ሁለቱ «ዚ» አሉ። ይህን ያየ ሰው «ዜድ» አለቀለት ይላል። በ1991 ግን በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ ወጣቶች ሲጠየቁ «ዚ» ያሉት 39 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጆቹ ሲያድጉ ወደ ሀገራቸው አጠራር ተመልሰዋል ማለት ነው። ቶሮንቶ ያላችሁ ወላጆች ልጃችሁ «ዚ» እያለ ቢዘምር አትጨነቁ።

«ኤች» ነው ወይስ «ሄች»?

መዝገበ ቃላት የሚያስቀድሙት «ኤች»ን ነው። እኛም «ኤች አይ ቪ»፣ «ፒ ኤች ዲ» የምንለው ይህንኑ ይዘን ነው። «ሄች» ደግሞ በአየርላንድ የተለመደ ነው። አውስትራሊያ ውስጥም ይሰማል። እዚያ ብዙ ሰው ከአየርላንድ በመጡ ካቶሊኮች ትምህርት ቤቶች ጋር ያያይዘዋል። ደቡብ ህንድ፣ ማሌዥያና ሲንጋፖርም አለ። እንግሊዝ ውስጥ እንኳ እየተስፋፋ ነው። የድምፅ አጠራር ምሁሩ ጆን ዌልስ ባሳተመው ጥናት ከ1982 ወዲህ ከተወለዱት 24 በመቶ ያህሉ «ሄች» ይላሉ።

«ሄች» የሚሉ ሰዎች ሙግታቸው ያሳምናል። የ«ቢ» ስም ውስጥ የ«ብ» ድምፅ አለ። የ«ዲ» ስም ውስጥ የ«ድ» ድምፅ አለ። የ«ህ» ድምፅ ያላት ፊደል በስሟ ውስጥ ለምን «ህ» አይኖራትም? መልሱ ታሪክ ነው። ስሟ የመጣው ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ነው። በዚያ መንገድ ሲመጣ «ህ» ከአፍ ጠፍታ ነበር። እንግሊዝኛ ድምፁን ይዞ ስሙን ከጎረቤት ተዋሰ። ለእኔ «ሄች» የሚለውን ሰው «ያልተማረ» ማለት ትልቅ በደል ነው። እንግሊዝ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ በዚህች ትንፋሽ ሰው የሚመዝኑ አሉ።

ሰሜን አየርላንድ ላይ ደግሞ ነገሩ ከመመዘንም አልፏል። እዚያ በልማድ ካቶሊኩ «ሄች»፣ ፕሮቴስታንቱ «ኤች» ይላል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998 በቆየው ደም መፋሰስ ዘመን ሰው «እስቲ ኤ ቢ ሲ ዲ በል» ተብሎ ሃይማኖቱ ሊታወቅበት ይችል ነበር። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ላይ ያለውን ታሪክ አስታውሱ። «ሺቦሌት» ማለት አቅቶት «ሲቦሌት» ያለውን ኤፍሬማዊ በዮርዳኖስ መሻገሪያ ይገድሉት ነበር። ያ ነገር በእኛ ዘመንም፣ በአንዲት ፊደል ስም ላይ ኖሯል።

አውስትራሊያዊ «ኤ» ሲል «አይ» የሚመስለኝ ለምንድን ነው?

ጆሮህ አላሳሳተህም። የእንግሊዞችና የአሜሪካኖች «ኤ» ከ«ኤ» ተነስቶ ወደ «ይ» የሚንሸራተት ድምፅ ነው፤ «ኤይ» ማለት ይቀርበዋል። ብዙ አውስትራሊያውያን ድምፁን የሚጀምሩት አፋቸውን ሰፋ አድርገው ነው። ስለዚህ ለእኛ «አይ» ሆኖ ይሰማል። «ቱዴይ» የሚለው ቃል ከእነሱ አፍ «ቱዳይ» መስሎ የሚወጣውም ለዚሁ ነው። ኒውዚላንድና የለንደን ምሥራቃዊ ሰፈሮችም ተመሳሳይ ዝንባሌ አላቸው። ስኮትላንዳውያን፣ አይሪሾችና ህንዶች ደግሞ በተቃራኒው ሳይንሸራተቱ ቀጥ ያለ «ኤ» ይላሉ። ከእኛ ኃምስ ጋር የሚቀራረበው የእነሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሐበሻ የሚደናገርበት ስለሆነ። አንደኛዋ ፊደል «ኤ»፣ አምስተኛዋ «ኢ»፣ ዘጠነኛዋ «አይ» ትባላለች። ጣልያንኛ ወይም ስፓንኛ ላይ እነዚሁ ፊደላት «አ»፣ «ኤ»፣ «ኢ» ናቸው። እንግሊዝኛም ድሮ እንደዚያው ነበር። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ጀምሮ የእንግሊዝኛ ረጃጅም አናባቢዎች አንድ ላይ ከቦታቸው ተንቀሳቀሱ። ምሁራን «ታላቁ የአናባቢዎች ሽግሽግ» ይሉታል። «አ» ወደ «ኤ» ሄደ፣ «ኤ» ወደ «ኢ»፣ «ኢ» ወደ «አይ»። የፊደሎቹ ስምም አብሮ ተገፋ። አውስትራሊያዊው ዛሬ «ኤ»ን ወደ «አይ» ሲወስዳት የፊደል ስም ከቦታው ሲንቀሳቀስ የመጀመሪያው አይደለም።

ለንደን ላይ «አር» ሲባል የመጨረሻው «ር» የት ይሄዳል?

ይቀራል። በእንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ከአናባቢ በኋላ የሚመጣ «ር» እየጠፋ ሄደ። ስለዚህ የፊደሏ ስም ረዘም ያለ «አአ» ብቻ ሆነ። በስሟ ውስጥ ራሷ የለችም። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ይህንን ወረሱ። ስኮትላንድ፣ አየርላንድና አብዛኛው አሜሪካ ግን «ር»ን ጠብቀው ይጠራሉ። አየርላንድ ውስጥ እንዲያውም «ኦር» የሚሉ ብዙ ናቸው።

«ደብሊው» ለምን እንዲህ ረዘመች?

«ድርብ ዩ» ማለት ስለሆነ። ድሮ ሁለት «ዩ» ጎን ለጎን እየተጻፉ ነበር ድምፁ የሚመዘገበው። ያኔ «ዩ» እና «ቪ» አንድ ፊደል ነበሩ። ቅርጹ ሁለት «ቪ» የሚመስለውም ለዚህ ነው፤ ፈረንሳዮች «ድርብ ቬ» ይሉታል። ረጅም ስም ደግሞ በየሀገሩ ይቆረጣል። በአሜሪካ ደቡብ «ደብያ» ይላሉ። 43ኛው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ «ደብያ» የሚል ቅጽል የወጣለት በቴክሳሱ አጠራር ነው። ከአባቱ ለመለየትም ጠቅሟል። ኒውዚላንድና አውስትራሊያ ላይ የድረ ገጽ አድራሻ ሲያነቡ «ደብ ደብ ደብ» ብለው ያልፋሉ።

ስኮትላንድ ውስጥ «ጃይ» ሲሉ ሰማሁ። ይህችስ የትኛዋ ናት?

«ጄ» ናት። ድሮ በእንግሊዝም «ጃይ» ትባል ነበር። ከጎኗ ያለችው «ኬ» ናት የጎተተቻት። «ጄ፣ ኬ» ማለት ተመቸና ቀረ። ስኮትላንድ ውስጥ አሮጌውን የያዙ ሰዎች እስከ ዛሬ አሉ።

ዱባይ ወይም ቤይሩት ስሠራ የምሰማው እንግሊዝኛ ለምን ግራ ያጋባኛል?

በአንድ ቀን ከአራት ሀገር እንግሊዝኛ ጋር ስለምትገናኙ ነው። ፊሊፒኖዎች ከ1898 ጀምሮ ለግማሽ ክፍለ ዘመን ገደማ በአሜሪካ ሥር ስለነበሩ እንግሊዝኛቸው የአሜሪካ ነው፤ «ዚ» ይላሉ። አንዳንዶቹ «ፒ»ን እና «ኤፍ»ን ያቀያይራሉ። ህንዶች «ዜድ» ይላሉ። አንዳንዶቹ ጋ «ጄድ» ሆኖ ይሰማል። ዐረብኛ ደግሞ «ፕ» የሚባል ድምፅ የለውም። ስለዚህ አሠሪው «ፒ» ሲል «ቢ» ሊመስል ይችላል። መድኃኒት ወይም አድራሻ ሲነገራችሁ በጆሮ ብቻ አትመኑ። አስጽፉት።

ለአይኤልትስ ፈተና የትኛውን ልልመድ?

ስትናገሩ አንዱን ያዙ፤ የትኛውም ነጥብ አያስቀንስም። ስታዳምጡ ግን ሁሉንም ማወቅ አለባችሁ። በማዳመጥ ክፍሉ መጀመሪያ ላይ ስም ወይም የመንገድ ስም ፊደል በፊደል ሊነበብላችሁ ይችላል። ተናጋሪው እንግሊዛዊ፣ አውስትራሊያዊ ወይም ሰሜን አሜሪካዊ ሊሆን ይችላል። የሚነበበው አንዴ ብቻ ነው።

ብዙዎችን የሚጥለው ግን «ደብል» የምትለው ቃል ናት። «ደብል ኤል» ሲባል ሁለት «ኤል» ጻፉ። ስልክ ቁጥር ላይም «ደብል ፎር» ማለት 44 ነው። «ኦ» ሲባል ደግሞ ቁጥር ውስጥ ከሆነ ዜሮ ናት።

ከ«ኤች» በፊት «ኤ» ነው ወይስ «አን»?

የሚወስነው የተጻፈው ፊደል አይደለም፣ ከአፍ የሚወጣው የመጀመሪያ ድምፅ ነው። «ኤም ቢ ኤ» በአናባቢ ስለሚጀምር «አን ኤም ቢ ኤ» ይባላል፤ «ኤም» ራሷ ተነባቢ ብትሆንም። «ዩ» ደግሞ አናባቢ ፊደል ናት፤ ስሟ ግን በ«ይ» ድምፅ ስለሚጀምር «ኤ ዩ ተርን» ነው።

ስለዚህ «ኤች» የሚል ሰው «አን ኤች አር ማናጀር» ይላል። «ሄች» የሚለው «ኤ ሄች አር ማናጀር» ይላል። ሁለቱም የሰዋስው ሕጉን ጠብቀዋል። ስትጽፉ ግን «አን» ያዙ፤ መደበኛው አጠራር «ኤች» ስለሆነ።

ስሜን በስልክ ስናገር ሁልጊዜ የሚሳሳቱት ለምንድን ነው? ምን ላድርግ?

ጥፋቱ የእናንተ አክሰንት ብቻ አይደለም። «ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ፒ፣ ቲ፣ ቪ» ሁሉም በ«ኢ» ያልቃሉ። አሜሪካ ላይ «ዚ» ሲጨመር ዘጠኝ ይሆናሉ። የተለመደው የስልክ መስመር ደግሞ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። «ስ»ን ከ«ፍ» የሚለየው ፉጨት አብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሆነ ይቆረጣል። ስሟ በ«ዘ» የሚጀምር አክስት አለችኝ። አሜሪካ እንደገባች ለአንድ መሥሪያ ቤት በስልክ «ዚ» አለች። ሰውየው «ሲ» ብሎ ጻፈ። መታወቂያዋ በዚያው ወጣ። ለማስተካከል አራት ወር ፈጀባት። በሕጋዊ ወረቀት ላይ የማታውቂው ሰው ሆኖ መገኘት ቀልድ አይደለም።

መፍትሔው የአብራሪዎች ፊደል ነው። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከማርች 1 ቀን 1956 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቃል አለው፦ አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ፣ ዴልታ፣ ኤኮ እያለ እስከ ዙሉ ይሄዳል። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች መለያ የሚጀምርባቸው ሁለት ፊደላት «ኤኮ፣ ታንጎ» ናቸው። ሕይወት የምትባል ልጅ «ሆቴል፣ ኢንዲያ፣ ዊስኪ፣ ኦስካር፣ ታንጎ» ብትል የሲድኒውም የደብሊኑም የቺካጎውም ሰው እኩል ይሰማታል። ዘሪሁን «ዙሉ፣ ኤኮ፣ ሮሚዮ፣ ኢንዲያ፣ ሆቴል፣ ዩኒፎርም፣ ኖቬምበር» ይላል።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ሀሌታው ሀ»፣ «ሐመሩ ሐ»፣ «ብዙኃኑ ኀ» እያልን ያደግነው ድምፃቸው አንድ የሆነባቸውን ፊደላት በቃል ለመለየት ነው። «እሳቱ ሰ» እና «ንጉሡ ሠ»ም እንዲሁ። የስማችሁን ቃላት በወረቀት ጽፋችሁ ስልኩ አጠገብ ለጥፉት። ተናግራችሁ ስትጨርሱ ደግሞ የጻፉትን መልሰው እንዲያነቡላችሁ ጠይቁ። አክስቴ አሁን ስሟን ካላስነበበች ስልክ አትዘጋም።